ያገለገለ ማሲ ፈርጉሰን 385 ትራክተር፦ ከአዳማ ገዝቼ ሁለት ክረምት ካረስኩበት በኋላ

ይህ ግምገማ በአዳማ ከተማ ዳር ከሚገኝ ግቢ ስለገዛሁት፣ ቀድሞ በሌላ ባለቤት እጅ ብዙ ስለሠራ ማሲ ፈርጉሰን 385 ትራክተር ነው። ከገዛሁት ሁለት ክረምት አልፏል። በደብተር በምይዘው መዝገብ መሠረት በእኔ እጅ ብቻ ከ1,000 ሰዓት በላይ ሠርቷል፤ ይህም በአሰላ መንገድ ዴራን አልፎ በተከራየሁት 18 ሄክታር የስንዴ ማሳ፣ በአዳማ ዙሪያ ባለኝ ጥቂት የጤፍ መሬትና ለጎረቤቶቼ በኪራይ ባረስኩት ላይ ነው። በሁለቱ የዘር ወቅቶች በብልሽት ያቆመኝ ለግማሽ ቀን ብቻ ስለሆነ ጥሩ ግዢ ነው እላለሁ። ይሁን እንጂ ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ከግዢው በፊት ስለነበሩት ሦስት ቀናት ነው፤ ትራክተሩን እንዳምነው ያደረጉኝ እነዚያ ቀናት ናቸውና።

ይህን ያህል እንድጠነቀቅ ያስተማረኝ ከዚያ በፊት የደረሰብኝ ጉዳት ነው። አንድ ነጋዴ ዘንድ አዲስ ቀለም የተቀባ ሌላ ዓይነት ትራክተር አይቼ ነበር፤ ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ተነሣ፣ ድምፁም ለጆሮ ደስ ይል ነበር፣ እኔም በግማሽ ቀን ተስማምቼ ክፍያውን ጨረስኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ደረሰብኝ። በሐምሌ መጀመሪያ አፈሩ ለዘር በደረሰበት ሳምንት፣ ሥራ በጀመርን በአራተኛው ቀን ውሃ አፍልቶ ቆመ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሲፈታ ጓርኒሲዮኑ (በክዳኑና በሞተሩ መሐል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሎ፣ ቴስታታውም ራሱ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ በስንጥቁ ላይ የቆየ የብየዳ ምልክት ስለነበረ ብልሽቱ ከእኔ በፊት የነበረ ለመሆኑ ጥርጥር አልነበረውም። ትራክተሩ ዘጠኝ ቀን ቆመ። በአካባቢው የሚከራይ ትራክተር ሁሉ በዚያ ሳምንት ተይዞ ስለነበር ተራ እስኪደርሰኝ 6 ሄክታር ዘግይቶ ተዘራ፤ ከዚያ መሬት ያገኘሁት ምርት በወቅቱ ከተዘራው በሄክታር 9 ኩንታል ያንስ ነበር። የጥገናው ወጪ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ትራክተር በቀረበልኝ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ሆኗል፦ ዘር በሚዘራባቸው አሥር አሥራ ሁለት ቀናት ውስጥ ሳይቆም ይጨርስልኛል ወይ? ጥር ላይ የሚደርስ ብልሽት ያናድዳል፣ ገንዘብም ያስወጣል፤ ሐምሌ ላይ የሚደርሰው ግን የዓመቱን ምርት ይዞ ይሄዳል። የምመረምረውንም ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው። መብራት የማይበራ፣ ወንበሩ የተቀደደ፣ ኮፋኖው የተጎዳ ትራክተር አያስፈራኝም።

ማሲ ፈርጉሰን 385ን የመረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ሞዴል 4 ሲሊንደር ያለው፣ ወደ 4.1 ሊትር የሚጠጋ፣ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር አለው፤ ጉልበቱም 85 የፈረስ ጉልበት ነው። የእኔ ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን) 8 ወደፊት፣ 2 ወደኋላ ማርሽ አለው። የኤሌክትሮኒክስ ቁጥጥር ስለሌለው በአዳማ፣ በኢተያና በአሰላ ያሉ መካኒኮች በእጃቸው ፈትተው ይገጥሙታል። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ኩሽኔታ (የሚሽከረከር ዘንግ የሚያርፍበት ዕቃ)፣ የፍሪሲዮን (የክላች) ሸራ፣ የውሃ ፓምፕና ማጣሪያዎች አዳማ ውስጥ ይገኛሉ፤ እዚህ የጠፋው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፣ ጠዋት የተላከ ሰውም ማታ ይዞ ይመለሳል። ብዙ ሰው የትራክተርን አስተማማኝነት ከብረቱ ጥንካሬ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። እኔ ግን መለዋወጫው ከማሳዬ ስንት ሰዓት ይርቃል የሚለውን እኩል እቆጥረዋለሁ፤ እምብዛም የማይበላሽ ሆኖ ሲበላሽ ዕቃው ከውጭ አገር ወር የሚጠበቅለት ትራክተር ለእኔ ዓይነቱ ገበሬ አይሆንም። በዚሁ ረገድ መታየት ያለበት የፋብሪካው ሰሌዳ ነው፤ የዚህ ሞዴል ትራክተሮች በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ብቻ ሳይሆን በፓኪስታን ላሆርም ተሠርተዋል፣ አንዳንድ ዕቃዎቻቸውም ስለሚለያዩ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ መለዋወጫ መግዛት ያሳስታል።

ሻጩ በዕድሜ የገፉ፣ እርሻቸውን ለልጆቻቸው ያስረከቡ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ቀን በቀጠሮአችን መሠረት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስደርስ ትራክተሩ ከግቢው መሐል ቆሞ ነበር፤ እጄን በሞተሩ ጎን ሳስጠጋ ሞቃት ሆኖ አገኘሁት። ልጃቸው "ባትሪው እንዳይደክም ብዬ ቀደም ብዬ አስነሣሁት" አለኝ። ምናልባት እውነቱን ነበር፤ ሆኖም የሞቀ ሞተር ሊነግረኝ ከሚገባው ግማሹን ስለሚደብቅ የዚያን ቀን ቀለሙንና ጎማውን አይቼ፣ ወረቀቱን አንብቤ ተመለስኩ። "ኦቦ፣ ነገ ማለዳ እመጣለሁ፤ እስክመጣ ድረስ እባክዎ ማንም አያስነሣው" ብዬ ለመንኳቸው፣ እሳቸውም ቃላቸውን ጠበቁ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ለብዙ ዓመታት በትራክተር ጥገና የኖሩ አንድ መካኒክ ይዤ ደረስኩ። ለእኚህ ሰው የከፈልኩት የቀን አበል ከጠቅላላ ወጪዬ ሁሉ ትንሹና ጠቃሚው ነበር። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ቁልፉን መንካት አልነበረም። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው በውሃው ገጽ ላይ የዘይት ቅባት መኖር አለመኖሩን አዩ፤ ከዚያም የሞተሩን የዘይት መለኪያ ዘንግ መዝዘው ዘይቱን በሁለት ጣታቸው መሐል አሹት። ውሃ የገባበት ዘይት እንደ ማኪያቶ ይነጣል፤ ይህኛው ጥቁር፣ ልዝብና ያልቀጠነ ነበር። እጅግ አዲስ፣ እጅግ የጠራ ዘይት ብናገኝ ኖሮ ይበልጥ እንጠረጥር ነበር፤ ለሽያጭ ሲባል ትናንት የተቀየረ ዘይት ያለፈውን ታሪክ ይዞ ሄዷልና።

ቀጥሎ ያደረጉት ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ነው። ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚገባውን የጎማ ቱቦ አላልተው አወለቁትና ጣታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ግድግዳውን ጠረጉ። ጣታቸው ላይ ቀጭን የዘይት ቅባት እንጂ አቧራ አልተገኘም። የአዳማና የአካባቢዋ አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ አመድና ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ (ፑሚስ) የሞላበት ስለሆነ አቧራው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ማጣሪያውን አልፎ አንዴ ከገባ ፋሻውንና የሲሊንደሩን ግድግዳ በአንድ የበጋ ወቅት ሊጨርስ ይችላል። ማጣሪያ አዲስ አድርጎ መግጠም ለሻጭ ቀላል ነው፤ ከማጣሪያው ወዲያ ያለውን ቱቦ ግን ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ ሰዓት ቆጣሪው ከሚናገረው ይልቅ ይህ ቱቦ የሚናገረውን አምናለሁ።

ሞተሩ በብርዱ ሲነሣ ሦስት ሰከንድ ያህል ሞተሪኖው (ማስነሻው) አዞረው፤ ትንሽ ነጭ ጭስ አወጣና ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ጠራ። በቀዝቃዛ ማለዳ ይህን ያህል ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ነውና አያሳስብም። ሲሞቅም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ግን ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ወይም መጭመቂያው እየደከመ መሆኑን ያመለክታል፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። ጋሼ የዘይት መሙያውን ክዳን አንሥተው ገልብጠው በቀዳዳው ላይ አስቀመጡት፤ ክዳኑ በትንሹ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተነሣም። ፋሻው ባለቀ ሞተር የነደደው ጋዝ ወደ ታች ስለሚያልፍ ክዳኑን አንሥቶ ይጥለዋል፣ በመተንፈሻው ቱቦም ጭስ ይወጣል።

ሰዓት ቆጣሪውን በተመለከተ አጭር ማስታወሻ ይበቃል። የሚያሳየው 3,400 ሰዓት ነበር። የክላቹ መርገጫ ብረት ግን ተፍቆ አንጸባርቆ ነበር፤ ማረሻ የሚታሰርባቸው የታችኛው ክንዶች ኳሶች ለቀው ይንቀጫቀጩ ነበር፤ የተጎታቹ ማያያዣ ቀዳዳም ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ሆኖ ነበር። ይህ ሁሉ በ3,400 ሰዓት አይመጣም። በዚህ ዓይነት ትራክተር ላይ ያለው ቆጣሪ በሞተሩ ፍጥነት የሚነዳ ሜካኒካዊ ስለሆነ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ በዝግታ ይቆጥራል፤ ገመዱ ሲበጠስ ደግሞ ጭራሽ አይቆጥርም፣ ብዙ ሰውም ለዓመታት ሳያስጠግነው ይሠራል። ሻጩን ስጠይቃቸው "ሁለት ዓመት ያህል ተበጥሶ ነበር" ብለው ሳይደብቁ ነገሩኝ። ይህ ግልጽነታቸው ከቆጣሪው ቁጥር የበለጠ አረጋጋኝ።

ሦስተኛው ቀን የእርሻ ቀን ነበር፤ በእኔ እምነት ከጠቅላላው ምርመራ ግማሹን የሚመዝነው ይህ ነው። ግቢ ውስጥ የቆመ ትራክተር ጭነት የለበትም፣ ጭነት የሌለበት ሞተር ደግሞ ሁሉም ጤነኛ ይመስላል። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ አስረን፣ ናፍጣውን እኔ ችዬ፣ በአንድ ዘመዳቸው ማሳ ላይ ለሦስት ሰዓት ያህል ገመሳ (የመጀመሪያው እርሻ) ይገመስ ብዬ ጠየቅኩ። ልጃቸው መጀመሪያ ቅር አለው፤ አባትየው ግን "ማሳውም ይታረሳል፣ እሱም ያያል፤ ምን ይጎዳናል?" ብለው ፈቀዱ። ለዚህ ጥያቄ ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ቢያጋጥመኝ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ትቼው እሄዳለሁ።

ማሳው ጥቁር አፈር ነበር። እንዲህ ያለ አፈር ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ሲርስ ይጣበቃል፤ ለሞተርም ለፍሪሲዮንም ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም። በመጀመሪያው ሰዓት ምንም የተለየ ነገር አልታየም። የዘይት ግፊት መለኪያው ላይ ዓይኔን የተከልኩት ከሁለተኛው ሰዓት በኋላ ነው፤ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ያለቀ የኩሽኔታ ክፍተትም የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው። በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ ግፊቱ ከ30 እስከ 60 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ባለው መካከል ሊሆን ይገባል፤ የዚህኛው በ40 አካባቢ ቆመ፣ ሞተሩ ወደ ዝግታ ሲመለስም ቀነሰ እንጂ ወደ ዜሮ አልወደቀም። የውሃው ሙቀት በሦስቱም ሰዓት ከአረንጓዴው ክልል አልወጣም። ቆመን ሞተሩን ካጠፋን በኋላም ጋሼ እንደገና ያስነሡት ወዲያው ነበር፤ ቀዝቅዞ በደንብ የሚነሣ፣ ሞቆ ግን አልነሣም የሚል ሞተር የናፍጣ ፖምፓው ውስጡ እያለቀ ሊሆን ይችላል። ማሳ መሐል ለምሳ አጥፍቶ ዳግም ማስነሣት ያቃተው ሹፌር ይህን በሚገባ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ስለ ጭስ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፤ በእኛ አገር በተለይ ይመለከታልና። ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ 85 የሚባለው ሞተር እዚህ በተግባር የሚሰጠው 70 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ነው፤ 2,400 ሜትር ላይ ባለችው አሰላ ከዚያም ያንሳል። አንዳንድ ባለቤቶች "ሞተሩ ደከመ" በማለት የናፍጣ ፖምፓውን ማኅተም አስፈትተው ናፍጣውን ያስጨምሩታል። ጉልበት ትንሽ ይጨምር ይሆናል፤ ነገር ግን አየሩ ያው ስስ አየር ስለሆነ ትርፉ ናፍጣ በሙሉ አይነድም፣ ጥቁር ጭስ እየሆነ ይወጣል፣ ሙቀቱም ፒስተንና ቴስታታውን ይጎዳል። ስለዚህ በጭነት ጊዜ የጠቆረ ጭስ ያለማቋረጥ የሚያወጣ ትራክተር ሳይ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን፣ ቀጥሎ የፖምፓውን ማኅተም አያለሁ። የዚህኛው ማኅተም አልተነካም ነበር፤ ጭሱም ማረሻው መሬት ሲነክስ ለአፍታ ይጠቁርና ይሳሳ ነበር።

ፍሪሲዮኑን በዚያው ማሳ ላይ ከፍ ባለ ማርሽ ማረሻው መሬት ውስጥ እንዳለ በማስነሣት ፈተንነው። የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ጎማው ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። በዚህ ሞዴል መርገጫው ሁለት ደረጃ አለው፤ ግማሽ ሲረገጥ መንዳቱ ይቆማል፣ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ደግሞ ከኋላ መሣሪያ የሚያሽከረክረው ፒቲኦ ይቆማል። ሁለቱም ለየብቻ መታየት አለባቸው፤ ምክንያቱም ፍሪሲዮን ለመቀየር ትራክተሩ ከመሐሉ ለሁለት መከፈል አለበት፣ ይህም ዕቃው ቢገኝ እንኳ ቀናት የሚወስድ ሥራ ነው። ካምቢዮውን ደግሞ በመመለሻችን ከመልካሳ በኩል ወደ አዋሽ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ አየነው። በቁልቁለት ናፍጣውን ለቆ በሞተር ሲያዝ አራተኛው ማርሽ ራሱን አውጥቶ ወደ ገለልተኛ ቢመለስ ጥርሱ ወይም ሹካው አልቋል ማለት ነው፤ አልወጣም። ፍሬኑ ግን ወደ ግራ ይጎትት ነበር። ይህን ለማስተካከል አንድ ከሰዓት በኋላ በቂ ስለነበረ በዋጋው ድርድር እንኳ አላነሣሁትም።

ጉድለት ያገኘነው በሃይድሮሊኩ ላይ ነው። ዘይቱ እንደሞቀ ማረሻውን ሙሉ በሙሉ አንሥተን ሞተሩን አጠፋነው፤ በጤነኛ ማንሻ ላይ ማረሻው ለረጅም ጊዜ ተንጠልጥሎ ይቆያል። የዚህኛው ዝቅ ማለት የጀመረው ወዲያው ነበር፣ በአራት ደቂቃም መሬት ነካ። ሞተሩ እየሠራ ማረሻውን ሲይዝም በየጥቂት ሰከንዱ ከፍ ዝቅ እያለ ይነቀነቅ ነበር። ይህ ከፋብሪካው የመጣ ጉድለት አይደለም፤ ለዓመታት ከባድ ዲስክ ያነሣ፣ የኋላ ዘይቱም በወቅቱ ያልተቀየረለት ማንሻ ሁሉ በመጨረሻ የሚደርስበት ዕጣ ነው። ጋሼ ያመለከቱት ምክንያት ሁለት ነበር፤ ወይ የማንሻው ሲሊንደር ላስቲክ አልቋል፣ ወይ ፓምፑ። ላስቲኩ ከሆነ ከወንበሩ ሥር ያለውን ክዳን በማንሣት በአንድ ቀን ይጠገናል። ፓምፑ ግን በዚህ ሞዴል ከውጭ የሚታይ አይደለም፤ በኋለኛው ቤት (የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ጥርሶች ባሉበት ሣጥን) ውስጥ ዘይት ውስጥ ተጠምቆ፣ በፒቲኦ ዘንግ እየተነዳ የሚሠራ ስለሆነ ለማውጣት ብዙ መፍታት ይጠይቃል።

ይህን ለሻጩ በግልጽ ነገርኳቸው። እሳቸውም ማረሻው እንደሚወርድ አውቀው እንደነበር፣ ነገር ግን ሥራ አቁሞባቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ፤ እውነትም ነበር፣ ምክንያቱም በእርሻ ጊዜ ማረሻው የሚነሣው ትልም ሲያልቅ ለመዞር ብቻ ነው። የከፋውን ግምት ማለትም ፓምፑ ነው ብለን ይዘን የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ከመሸጫው ላይ ቀነስን። የትራክተር ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ የብሩን መጠን እዚህ ማስፈር ለአንባቢ አይጠቅምም፤ የተቀነሰው ግን መጀመሪያ ከተጠየቅኩት አንድ አሥረኛ ያህል ነበር።

የፊት አክሰልን በክሪክ አንሥተን ጎማውን ላይና ታች ስንነቀንቀው የመሐል ፒኑ ትንሽ ጨዋታ ነበረው። የኋላ ጎማዎቹ መጠን 18.4 በ30 ኢንች ሲሆን ጥርሳቸው ከግማሽ በላይ ነበር። እኔ ከጥርሱ ይልቅ የማየው የጎኑን ስንጥቅ ነው፤ ፀሐይ ላይ ለዓመታት የቆመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ይፈነዳልና። ሁለቱ የፊት ጎማዎች አልቀው ነበር፣ ቀየርኳቸው።

ወረቀቱ ላይ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ቆየሁ። በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በብረቱ ላይ ከተመቱት ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለባቸው፤ ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ያልተስተካከለ ትራክተር ስም ለማዛወር ሲቀርብ ሳምንታት ያስቆማል። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ትራክተሩ ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነው። በመብት የገባ ንብረት ያንን መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥና ታክሱ ሊጠየቅበት ስለሚችል፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ሳያዩ ቀብድ መክፈል ትልቅ ስሕተት ነው። የባንክ ዕዳና እገዳ አለመኖሩንም ሊብሬውን ከሰጠው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አረጋገጥኩ።

ከገዛሁት በኋላ መጀመሪያ ያደረግኩት የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የኋለኛውን ቤት ዘይት፣ ማጣሪያዎቹንና ቺንጋውን (የሞተሩን ቀበቶ) በሙሉ መቀየር ነው፤ የቀደመውን መዝገብ ማወቅ ስለማይቻል ከዜሮ መጀመር ይሻላል። የሞተሩን ዘይት በየ200 ሰዓቱ፣ አቧራ በሚበዛበት በጥርና በየካቲት ደግሞ ቀደም ብዬ እቀይራለሁ። በገመሳ ጊዜ ለአንድ ሄክታር 20 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይፈጃል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው እርሻ አፈሩ ስለሚላላ ወደ 13 ይወርዳል። በሁለት ዘይት መቀየሪያዎች መካከል የምጨምረው ዘይት ከአንድ ሊትር አይበልጥም፣ ይህ መጠንም ከመጀመሪያው ክረምት ወዲህ አልጨመረም። በዚያን ዕለት ማለዳ የተንቀጠቀጠው ክዳን የተናገረው ትክክል ነበር ማለት ነው።

ያቆመኝ ግማሽ ቀን ባለፈው ሐምሌ ነበር። ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት እየተንገዳገደ ጠፋ፤ የናፍጣ ማጣሪያው ሲፈታ ከሥሩ ውሃ ተገኘ። በበርሜል ያስቀመጥኩት ናፍጣ ላይ ዝናብ ገብቶበት ነበርና ጥፋቱ የእኔ ነው። የዚህ ሞተር ፖምፓ በሚያልፍበት ናፍጣ ራሱን የሚያለሰልስ ስለሆነ ውሃና ቆሻሻን ጨርሶ አይችልም፤ ሁለት ማጣሪያ በተጠባባቂነት በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ባይኖር ኖሮ አዳማ ደርሼ እስክመለስ ቀኑ ያልቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በርሜሉን ከጣሪያ ሥር አስገብቼ፣ ናፍጣው አንድ ሌሊት ሳይረጋ እንዳይቀዳ፣ ከበርሜሉ ግርጌም እንዳይወሰድ አድርጌያለሁ።

ይህን ትራክተር ለማን እመክራለሁ? ከ15 እስከ 40 ሄክታር ለሚያርስ፣ በአቅራቢያው መካኒክና መለዋወጫ ላለው ገበሬ ጥሩ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የእኔው በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ስለሆነ ጥቁር አፈር በጣም ሲርስ ይንሸራተታል፤ ዝናቡ በከበደባቸው ቀናት ማሳ ውስጥ አላስገባውም። ዳገት የበዛበት ወይም ውሃ የሚቋጥር መሬት ያለው ሰው በአራቱም የሚነዳውን ቢፈልግ ይሻለዋል። ከመካኒኩ ጋር መሄድ የማይችል፣ በሦስት ሰዓት እርሻ መፈተን ያልተፈቀደለት ሰው ግን ሞዴሉ ምንም ቢሆን እንዲገዛ አልመክርም።

የማንሻው ጉዳይ ገና አልተዘጋም። ባለፈው ዓመት ላስቲኩን አስቀይሬ ነበር፤ መውረዱ ከአራት ደቂቃ ወደ ሃያ አምስት ደቂቃ ተሻሻለ፣ መነቅነቁ ግን በትንሹም ቢሆን አሁንም አለ፤ ስለዚህ ፓምፑም ድርሻ አለው። በጥቅምት፣ ዘሩ በቅሎ ትራክተሩ ሥራ በሚፈታበት ወቅት፣ የኋለኛውን ቤት አስከፍተን እናየዋለን፤ ከዋጋው ላይ የተቀነሰውንም ገንዘብ ለዚሁ አስቀምጬዋለሁ። እስከዚያው ግን ሹፌሩ ሲያቆመው ማረሻውን ሁልጊዜ መሬት ላይ እንዲያሳርፍ፣ በተነሣ ማረሻ ሥርም ማንም ሰው ለመፍታትም ሆነ ለማጥበቅ እጁን እንዳያስገባ አዝዣለሁ።